ምዕራፍ 7፦ ጀበና አይሮጥም

ጁባ፣ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት እህታችን የቡና ዕቃ ትሸጣለች። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ዕጣን፤ ከጎኑ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ፤ ከላይ መደርደሪያው ላይ በብልቃጥ የታሸገ በርበሬና ማር። ሱቋ ጠባብ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ብዙውን ሽያጭ የምታካሂደው በስልክ ነው፦ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ደንበኛ ይደውላል፣ ቦዳቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ያደርሳል። ዕቁቧ ሲደርሳት "ፎቶዬ ካማረ ዕቃዬ ይሸጣል" ብላ ዱባይ በሚመላለስ ሰው ካሜራ አስመጣች። ለአንድ ዙር ዕቃ መግዣ የሚበቃ ገንዘብ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየችኝ። ነጠላው አመድ መስሏል። ጀበናው ሆዱ ላይ የፍላሽ ነጭ ነጠብጣብ አርፎበታል፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ጥላሸት ሆኗል። ያለ ፍላሽ የተነሱት ደግሞ አሸዋ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ፎርጂድ ነው እንዴ? ስልኬ ይሻላል እኮ!" አለችኝ። ለቅሶ እየተናነቃት ነበር።

ካሜራው ፎርጂድ አልነበረም። ሁለት የብስኩት ካርቶን ደራርበን ከላይ አስቀመጥነው፤ ሌንሱ ቀና እንዲል ከሥሩ የአንድ ኪሎ ሩዝ ከረጢት ሸጎጥን። በሩን ወለል አድርገን ከፈትን፣ አምፖሉን አጠፋን፣ ማራገቢያውንም አጠፋን። ካሜራው በራሱ መወሰኑን ትቶ እኛ ያልነውን እንዲሠራ አዘዝነው። ቁልፉን ተጭነን እጃችንን አነሳን። ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ጀበናውን አየና ዘጋ።

ከኋላ ባለው መስታወት ላይ የወጣውን ስታይ ለጊዜው ምንም አላለችም። ጀበናው አንገት ላይ ሸክላ ሠሪዋ በጣቷ የተወችው መስመር ሳይቀር ይነበባል። "ምን አደረግክበት?" አለችኝ። "ጠበቅኩት" አልኳት።

ካሜራ ስለ መምረጥ የተጻፈውን ይህን ምዕራፍ ያቆምኩት በዚያ መጠበቅ ላይ ነው። ካሜራ ሻጭ የሚያወራላችሁ ስለ ፍጥነት ነው፦ ስለሚሮጥ ኳስ ተጫዋች፣ ስለሚበር ወፍ፣ በሠርግ ማታ ስለሚጨፍር ሙሽራ። የካሜራን ዋጋ ሰማይ የሚሰቅሉት እነዚህ ናቸው። ጀበና ግን አይሮጥም፤ የበርበሬ ብልቃጥም ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም። የማይንቀሳቀስ ነገር የሚያነሳ ሰው ሌላው በገንዘብ የሚገዛውን በጊዜ ሊገዛው ይችላል።

ጫማውን ያስጠረገው ሰው

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ፎቶግራፍ የተወለደው ከመጠበቅ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1837 በብር በተለበጠ ሳህን ላይ ካስቀራቸው የመጀመሪያ ጥርት ያሉ ሥዕሎች አንዱ የሰው ምስል አልነበረም። የዕቃዎች ምስል ነበር፦ የጄሶ ቅርጻ ቅርጾች፣ በሰሌን የተሸፈነ ጠርሙስ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል። የዘመኑ ሳህን ብርሃን የሚጠጣው እጅግ በቀስታ ስለነበር ለዚያ ያህል ጊዜ ንቅንቅ ሳይል የሚቆምለት ዕቃ ብቻ ነበር። ዛሬ ለገበያ የምናነሳው የምርት ፎቶ ታላቅ ወንድሙ ያ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በዓመቱ፣ በ1838፣ ዳጌር ካሜራውን ከመስኮቱ ላይ አድርጎ ፓሪስ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ጎዳና አነሳ። ጎዳናው በጋሪና በእግረኛ የተሞላ ነበር። ሳህኑ ላይ የቀረው ግን ጭር ያለ መንገድ ሆነ። ሳህኑ በርካታ ደቂቃ ስለፈጀ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ አሻራ ሳይተው ጠፍቷል። በግልጽ የሚታየው አንድ ሰው ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ አንድ እግሩን አንስቶ ጫማውን የሚያስጠርግ። ሊስትሮው እስኪጨርስ ስለቆመ ብቻ፣ በፎቶግራፍ ላይ ቅርጹ ተለይቶ ከታየ ሰው የመጀመሪያው ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በርሜል፣ ጎማ እና ጊዜ

ጁባ የኖረ ሰው ውኃ እንዴት እንደሚገዛ ያውቃል። ቦቴው ይመጣል፣ ጎማው ይዘረጋል፣ በርሜሉ ይሞላል። በርሜሉን በሰፊ ጎማ ባጭር ጊዜ መሙላት ይቻላል፤ በቀጭን ጎማም ይሞላል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ቀጭኑን ጎማ የማንፈልገው ቦቴው ሌላ ደንበኛ ስለሚጠብቀው ነው። ቦቴው ቀኑን ሙሉ በራችን ላይ ቢቆምልን የጎማው ውፍረት ማንንም አያስጨንቅም ነበር።

ካሜራም እንደዚሁ ነው። ከሌንሱ ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ጠፍጣፋ ገጽ አለ፤ ሴንሰር ይሉታል። እሱ በርሜላችን ነው። ሌንሱ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ፤ እሱ ጎማው ነው። መዝጊያው ደግሞ የቦቴው ቧንቧ ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ይወስናል። ቀዳዳውን የሚለኩት "ኤፍ" በሚባል ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ይህ ብዙ ሰውን ያደናግራል። እንጀራ ሲቆረስ ብታስቡት ግን ይቀላል፦ ከ1/8ኛው ይልቅ 1/2ኛው ይበልጣል። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 8 ስንሄድ የሚገባው ብርሃን ወደ 1/8ኛ ይወርዳል።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ አይኤስኦ ይባላል። ብዙ ሰው ብርሃን የሚጨምር ይመስለዋል፤ አይጨምርም። ድምፁ የደከመ ሰው በማይክ ሲናገር አስቡት። ማጉያውን ከፍ ብታደርጉት ንግግሩ ይጎላል፤ ነፋሱም፣ የጀነሬተሩ ጩኸትም፣ የማይኩ እሽታም አብሮ ይጎላል። አይኤስኦ ያ ማጉያ ነው። በእህታችን ፎቶዎች ላይ የተነሰነሰው አሸዋ አብሮ የጎላው እሽታ ነው።

አሁን የመጀመሪያ ቀን ፎቶዋን እንመርምር። ካሜራው ምን እንደወሰነ ከፎቶው ጋር መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ ማየት ይቻላል፦ ቀዳዳ ኤፍ 5.6፣ ጊዜ የሰከንድ 1/60ኛ፣ አይኤስኦ 6400። ለምን 1/60ኛ? ካሜራው በሰው እጅ እንደተያዘ ስለሚገምትና እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሱቋ ጨለማ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ቀዳዳው ከዚያ በላይ አይሰፋም፤ ስለዚህ ያለው አማራጭ ማጉያውን መክፈት ብቻ ነበር። ካሜራው አላጠፋም። የሚሮጥ ነገር ፊቱ እንዳለ ሆኖ ሠራ እንጂ።

ካርቶን ላይ ስናስቀምጠው የእጅ መንቀጥቀጥ ቀረ። አይኤስኦን ከ6400 ወደ 100 ብናወርድ 64 ጊዜ ያነሰ ማጉላት ነው፤ ለማካካስ ጊዜውን 64 ጊዜ እናራዝማለን። 64 ጊዜ 1/60ኛ ከ1 ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ቀዳዳውን ደግሞ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ስናጠብ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ከሱቁ ጨለማ ጋር የታገለው ሁለት ሰከንድ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ቀዳዳውን ያጠበብኩበት ምክንያትም አለ። ቀዳዳ ሲጠብ ከፊት ያለው ሲኒና ከኋላ ያለው ጀበና አብረው ጥርት ብለው ይወጣሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው የሩቅ ታርጋ ሊያነብ ሲል ዓይኑን ጨፈን የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት አለ። ኤፍ 1.4 የሚባሉ ሰፊ ቀዳዳ ያላቸው ውድ ሌንሶች ጀርባውን አደብዝዘው የሰውን ፊት ያሳምራሉ። ጀበና ላይ ግን አፉ ጠርቶ እጀታው ይደበዝዛል፤ እጀታው የተሰነጠቀ ይሁን አይሁን ያላየ ደንበኛ ደግሞ አይደውልም። ለምርት ፎቶ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ይበቃል፤ ወደ ኤፍ 22 ከገፋችሁት ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሁሉም ነገር መልሶ ይለዝባል።

የመጀመሪያው ካፊያ

ትልቅ ካሜራ ከትንሹ በምን ይበልጣል? ነገሩን ለማየት ግቢ ውስጥ 100 ሲኒ እንደርድር። ካፊያ ይጀምራል። ወዲያው ብንቆጥር በአንዱ ሲኒ 6 ጠብታ፣ በሌላው 9፣ በሌላው 12 እናገኛለን። ሰማዩ አላዳላም፤ ጠብታ ሲወርድ እንዲህ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዘነበ በኋላ ግን ሲኒዎቹን ብናስተያይ ልዩነታቸውን በዓይን መለየት ያቅተናል።

ብርሃን የሚመጣው እንደ ጠብታ ነው። ሴንሰሩም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ሲኒዎች የተደረደሩበት ገበታ ነው፤ እያንዳንዷን ሲኒ ፒክስል ይሏታል። ሲኒዋ በአማካይ 9 ጠብታ ከያዘች የተለመደው መዛነፍ 3 ያህል ነው፤ 3 በ3 ሲባዛ 9 ይሆናልና። ከ9 ላይ 3 ማለት ሢሶው ነው፤ ያ አሸዋ ሆኖ ይታያል። 10,000 ጠብታ ከያዘች መዛነፉ 100 ነው፤ ከመቶ አንድ። ያንን ዓይን አያየውም።

ትልቅ ሴንሰር የሚጠቅመው አፉ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠብታ ስለሚሰበስብ ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሚይዙት ትልቅ ዓይነት 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። በመካከለኛ ዋጋ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ብዙ መካከለኛ ስልኮች ውስጥ ያለው ደግሞ ከአንድ ፍሬ ምስር ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚሮጥ ሕፃን በምሽት ለሚያነሳ ሰው ወሳኝ ነው። ጀበና ለምናነሳ ግን ጠባቡን ሲኒ ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ማቆየት እንችላለን።

እና ስልክስ?

ለስልክ ሠሪዎች ይህ ቀደም ብሎ ገብቷቸዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 በፒክስል ስልኮቹ ላይ ያመጣው የምሽት ፎቶ ዘዴ እስከ 15 የሚደርሱ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ እንደ አንድ ያዋህዳል። ሌሎቹም ተከተሉ። ይህ የእኛው መጠበቅ ነው፤ ትንሿን ሲኒ 15 ጊዜ ሞልቶ በአንድ እንስራ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ስልካችሁን በማቆሚያ አስራችሁ፣ በሰዓት ቆጣሪ ብታነሱበት በእጅ ከያዛችሁት ውድ ካሜራ የተሻለ ፎቶ ሊሰጣችሁ ይችላል። ካሜራ ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ወር እንዲህ እንድትሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሜጋፒክስል የሚሉትን ቁጥርም በልኩ እንየው። በምዕራፍ 2 ደንበኛችሁ ዕቃውን የሚያየው በመዳፍ በሚያክል መስታወት ላይ ነው ብለን ነበር። በማኅበራዊ መገናኛ የሚለጠፍ አራት ማዕዘን ፎቶ በተለምዶ 1080 በ1080 ነው፤ ይህ ከ1.2 ሚሊዮን ፒክስል አይበልጥም። የኤ4 ወረቀት የሚሞላ ጥርት ያለ ኅትመት 8.7 ሚሊዮን ያህል ይበቃዋል። 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ ሁለቱንም ያደርሳል። ፎቶውን በዋትስአፕ ስትልኩ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ ለማተሚያ ቤት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ አድርጋችሁ ላኩት።

ስልክ የሚያንስባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ ዋናው ሌንሱ ብዙ ቦታ እንዲያይ የተሠራ ስለሆነ ዕቃውን ለማጉላት ስንጠጋ የቀረበው ያብጣል፤ በማንኪያ ላይ ፊትን እንደ ማየት። የጀበናው አፍ ገዝፎ ሆዱ ያንሳል። መፍትሔው ራቅ ብሎ በ2 እጥፍ ማቅረብ ነው፤ ይህን በእውነተኛ ሁለተኛ ሌንስ የሚያደርጉት ግን ሁሉም ስልኮች አይደሉም። ሁለተኛ፣ ስልኩ ፎቶውን በራሱ ፈቃድ ያለሰልሳል። የፊት ቆዳ ሲሆን ደስ ይላል፤ የነጠላ ድርና ማግ ሲሆን ግን ደንበኛው ጨርቁ የእጅ ይሁን የፋብሪካ መለየት ያቅተዋል። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ለሚሸጥ ሰው ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ካሜራ መግዛት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነጩ ነጠላ፣ ጥቁሩ ጀበና

ነጠላው ለምን አመድ መሰለ? ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የሚያውቀው ምን ያህል ብርሃን እንደመጣለት ነው፤ ዓለም ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ይገምትና ወደዚያ ይጎትታል። ፍሬሙን ነጠላ ሲሞላው "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። ጥቁር ጀበና ሲሞላው "ጨለመ" ብሎ ያነጣዋል። የነጩ ነጠላና የጥቁሩ ጀበና ፎቶ ሁለቱም አመድ ሆነው የሚወጡት ለዚህ ነው።

ማረሚያው አንዲት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። ለነጠላ ወደ መደመር 1፣ ለጀበና ወደ መቀነስ 1። ስልክ ላይ ዕቃውን በጣት ነክታችሁ አጠገቡ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው። ካሜራ ስትመርጡ ይህች ቁልፍ በቀላሉ የምትገኝ መሆኗን እዩ፤ በቀን 30 ጊዜ ትነኳታላችሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የቀለም ጉዳይ ነው። የጥለቱ ወይን ጠጅ በፎቶ ቡና ዓይነት ሆኖ ከወጣ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል። ሱቁ ደጃፍ ላይ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ነጠላውን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አምፖሉ ደግሞ ቢጫ ይቀባዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚያርማቸው የለም። አምፖሉን ያጠፋነው ለዚህ ነው። ከዚያ ባለፈ ካሜራው ፎቶውን ጥሬ አድርጎ ማስቀመጥ መቻል አለበት። ስልክም ካሜራም በተለምዶ የሚሰጠን የተቆላ ፎቶ ነው፤ አንዴ ካረረ አይመለስም። ጥሬው ግን እንደ ጥሬ ቡና ነው፤ ቤት ወስደን በፈለግነው ልክ እንቆላዋለን። ከአውሮፓውያኑ 2010 ወዲህ የወጡ የካኖን፣ የኒኮንና የሶኒ ሌንስ የሚቀየርላቸው ካሜራዎች ይህን ይችላሉ።

ጁባ ላይ

የአውሮፓ መጻሕፍትን ገልብጠው የጻፉ ሁሉ "ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት ሥራ" ይላሉ፤ እነሱ ዘንድ ፀሐይ በአብዛኛው በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የሰሜኑ መስኮት ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። ጁባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 5 ዲግሪ ብቻ ነው ያለችው። በመጋቢት ማብቂያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ ከአናት ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በጳጉሜን አካባቢ ደግሞ ተመልሳ በአናት ታልፍና ወደ ደቡብ ትሄዳለች። አዲስ አበባም ብትሆን እንደዚሁ ነች፣ ቀኖቹ ቢለያዩም። ስለዚህ አንድ መስኮት ሙሉ ዓመት አያገለግልም። በምዕራፍ 4 እንዳየነው ብርሃንን የሚያለሰልሰው አቅጣጫው ሳይሆን ስፋቱ ነው፤ በሩ ላይ ነጭ ነጠላ ብትሰቅሉ በሩ ራሱ ሰፊ መብራት ይሆናል። እህታችን ሱቅ ውስጥ ይህ የሚገኝ ዕቃ ነው።

የአምፖል ነገርም አለ። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዓይናችን አይለየውም። ካሜራው በሰከንድ 1/1000ኛ ሲያነሳ ግን ከብልጭታው አንዱን ቁራሽ ብቻ ይይዝና ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይሰለፋል። ሁለት ሰከንድ ስንጠብቅ 200 ብልጭታ ይሰበሰባል፤ መስመሩ ይጠፋል። ማምሻችሁን በአምፖል መሥራት ግድ ከሆነባችሁ መጠበቅ እዚህም ያወጣችኋል።

መጠበቅም ወሰን አለው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት፣ ደቡብ ሱዳን ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሴንሰሩ ብርሃን ሳይኖር ራሱ የሐሰት ጠብታ ያመነጫል፤ በየ6 እስከ 8 ዲግሪው ጭማሪ እጥፍ ያህል ይሆናል። ለሁለት ሰከንድ አያሳስብም፤ ለ30 ሰከንድ ግን ያሳስባል። ጠዋት ሥሩ።

ሌላም ወሰን አለ፦ የሚንቀሳቀስ ነገር። ማራገቢያ ካልጠፋ የተሰቀለው ነጠላ ይወዛወዛል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የምትቆም ልጅ፣ ከጀበና የሚቀዳ ቡና፣ የዕጣን ጭስ አይጠብቁም። ለእነዚህ በጥላ ቦታ፣ በጠራ የቀን ብርሃን፣ በአጭር ጊዜ ማንሳት ነው። ዋና ሥራችሁ ሰው ያለበት ልብስ ማንሳት ከሆነ ይህ ምዕራፍ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሳችሁ፤ ለዚያ የተሻለ ካሜራ መግዛት ብክነት አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አላልፍም። በደቡብ ሱዳን አደባባይ ላይ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ችግር ያመጣል፤ በተለይ ድልድይ፣ አየር ማረፊያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ወታደር ባለበት። ስልክም ቢሆን ያው ነው። ሥራችሁን በሱቅና በቤት ውስጥ አድርጉት፤ ለውበት ብላችሁ ጀበናውን ወደ ወንዝ ዳር ይዛችሁ አትውጡ።

ገበያ ስትወጡ

አሁን የምንገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ ተለይቷል። ፈጣን መሆን የለበትም። በእጅ የሚታዘዝ ይሁን፤ ቀዳዳውን፣ ጊዜውንና አይኤስኦውን ለየብቻ መወሰን የሚያስችል። ከሥሩ የማቆሚያ ብሎን መግቢያ ያለው፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያለው፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ ምስሉን 5 ወይም 10 እጥፍ አጉልቶ በእጅ ማጥራት የሚያስችል። እነዚህ አሥር ዓመት ባለፋቸው ካሜራዎች ላይ ሁሉ አሉ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የወጣው ካኖን 600ዲ 18 ሜጋፒክስል አለው፤ መስታወቱ ስለሚታጠፍ መሶብን ከላይ ለማንሳት ወንበር ላይ ቆሞ አንገት መስበር አያስፈልግም። ከእሱ አንድ ዓመት የሚቀድመው ኒኮን ዲ3100 14.2 ሜጋፒክስል አለው። አንዳንድ የቆዩ ሌንሶች በእሱ ላይ በራሳቸው አያጠሩም፤ ውስጡ የሚያሽከረክራቸው ሞተር የለውም። ለሠርግ አንሺ እንቅፋት ነው፤ ለእናንተ ግን በእጅ አጥርቶ መቀመጥ ነው፣ ጀበናው የትም አይሄድም። ሌንስም ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 የሚለው ይበቃል፤ ከዕቃው እስከ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ይጠጋል። በ55ቱ ጫፍ ሥሩበት፤ ማበጡ ይጠፋል።

ያገለገለ ካሜራ መግዛት አያስፈራ። ጁባ ብዙ ዕቃ የሚገባላት ከካምፓላ በኒሙሌ መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሰው የሚመጣም አለ። በዚህ ደረጃ ያሉ ካሜራዎች መዝጊያቸው ለ100,000 ፎቶ ያህል እንደሚያገለግል ይገመታል። በቀን 30 ፎቶ ብታነሱ በዓመት ወደ 11,000 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው ያለፈበት ካሜራ እንኳ አራት ዓመት ይሠራላችኋል።

ስትሄዱ በቦርሳችሁ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ያለበት የበርበሬ እሽግ ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በኤፍ 8፣ በአይኤስኦ 100፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ አንሱትና ፊደሎቹን አጉልታችሁ እዩ። ቀጥሎ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 አጥብባችሁ ነጭ ወረቀት አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ይጸዳል፣ ግን ዋጋ መቀነሻ ምክንያት ነው። ሌንሱን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን አሻግራችሁ ተመልከቱ፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። የዝናቡ ወራት እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ በበጋው አቧራ ሌንሱን ደጋግማችሁ አትፍቱ። ሁለተኛ ባትሪ ግዙ፤ መብራት የሚመጣው እናንተ በፈለጋችሁበት ሰዓት አይደለም።

ከዚህ የተረፈውን ገንዘብ ማቆሚያ ላይ አውሉት። ቀላል የፕላስቲክ ማቆሚያ ማራገቢያ ባይኖርም ይንቀጠቀጣል፤ ከባዱ ይሻላል፣ ከሥሩም አሸዋ የሞላ ከረጢት ይንጠልጠልበት።

እህታችን ካርቶኖቹን ትታለች። አናጢ ከጣውላ የሠራላት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አላት፤ ካሜራው ላዩ ላይ ታስሮ ይውላል። ጠዋት ሱቅ ሳትከፍት ማራገቢያውን ታጠፋለች፣ ነጠላውን በሩ ላይ ትሰቅላለች፣ የዕለቱን ዕቃ ትደረድራለች። ባለፈው ስሄድ ልክ ቁልፉን እንደተጫነች በሩ ላይ ደረስኩ። የእንጨቱ ወለል ከእግሬ ሥር ሲንቋቋ እጇን አንስታ "ቆይ፣ እንዳትረግጥ!" አለችኝ። አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ካሜራው እስኪዘጋ ቆምኩ።